ነጠላ የለበሰችው መርከብ

ሞያሌ፣ ኬንያ
መስከረም መጨረሻ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ለዘመን መለወጫ ስትደውዪ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እያነከስሽ ገበያ ትሮጫለሽ? ያቺ ዶሮዎቿን የማትሰበስብ ጎረቤትሽስ ደህና ናት? እሷንም ቢሆን ሰላም በይልኝ፤ ዛሬ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። እኔ ተመስገን፣ አለሁ። ወገቤ ያው ነው፣ ዓይኔም የቅርቡን ማየት እየተወኝ ነው። ሞያሌ ደርቃለች። ነፋሱ የመጋዜን ብናኝ ከወርክሾፕ እያነሳ ሰው ወጥ ውስጥ ይከተዋል፣ ሰዉም እኔን ይሰድባል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ እንጣላለን እኮ! አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ወር እንኮራረፋለን። ደግሞም ድምፄን እንድትሰሚ አልፈለግኩም። ስለዚህ ያታኒን፣ ያንን ከዚህ ዲላ የሚመላለሰውን የቦረና ሾፌር፣ አድርስልኝ ብዬ ለመንኩት። ከደብዳቤው ጋር በጥጥ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይሰጥሻል። እባክሽ አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈቻት። ችኮላሽን ስለማውቅ ነው የማስጠነቅቅሽ። ያታኒንም አትጠይቂው፣ ምንም አያውቅም። እሳት ላይ የጣድሽው ነገር ካለ አውርጂና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የምጽፍልሽ ስለ መርከቢቱ ነው። ግማሹን ታውቂዋለሽ፣ ግማሹን ግን ደብቄሻለሁ።

ልጃችን ወንዱ አምና ወደ ሞምባሳ ወደብ ሲወርድ እንዴት ሆነን እንደተለያየን ታስታውሻለሽ። የልጁ ልብ ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ ደላሎቹ ከደጃችን አይጠፉም። አንቺ ወደ እኔ ይመለስ አልሽ። እኔ ደግሞ እጁ ላይ ሙያ አለ፣ ጣውላ የሚያመጣልኝ ነጋዴ አናጺ የሚፈልግ ባለ መርከብ ያውቃል፣ እዚያ ይሂድ አልኩ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ብለሽ ስትጮኺ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍኖ ከሚሄድ በሸራ ቢሄድ አይሻልም ወይ ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። እኔ ነኝ የላክሁት። ይህን ማንም እንዳይጋራኝ፣ እኔው ነኝ። ልጁም አኩርፎኝ ነው የሄደው፤ አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ቦርሳውን ላቀብለው ስል ከእጄ ነጠቀኝ።

የገባባት መርከብ «ንዮታ» ትባላለች፣ በነሱ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። ሁለት ምሰሶ ያላት፣ በሸራ እየሄደች ዓሣ የምታጠምድ አሮጌ የእንጨት መርከብ ናት፤ ስኩነር ይሏታል። የሱ ሥራ የላላውን ጣውላ ማጥበቅ፣ የበሰበሰውን አውጥቶ አዲስ መተካት ነበር። አንድ ቀን ኩርፊያው አልቆለት ደወለና፣ አባዬ፣ እዚህች መርከብ ውስጥ አንድም ቀጥ ያለ እንጨት የለም አለኝ። የትኛው ሰካራም ነው የሠራት አልኩት። ትን እስኪለው ሳቀ። ያንን ሳቅ ደግሜ ለመስማት ስል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ በል እንግዲያው ልኳን ላክልኝ፣ እኔ ደግሞ ትንሿን እሠራታለሁ ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። የሷ አንድ ክንድ የኔ አንድ ጣት እንዲሆን ተስማማን። እሱ በክንዱ እየለካ በድምፅ ይልክልኛል፣ እኔ በጣቴ እየለካሁ እቆርጣለሁ። እንግዲህ እኔን ታውቂኛለሽ፤ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለሁ መሮ መያዝ ከተማርኩ ጀምሮ በርና አልጋ፣ ቀን ሲከፋም የሬሳ ሳጥን ነው የምሠራው። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋን ቀጥ አድርጌ ሠራኋትና ፎቶዋን ላክሁለት። አባዬ፣ ይሄ እኮ የተኛ ቁም ሳጥን ነው አለኝ። ተናደድኩና ሰበርኳት። ከዚያ ጣውላውን በሻይ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለስኩ ማጠፍ ተማርኩ፤ ስንቱ ተሰነጠቀብኝ መሰለሽ! ጎድኖቿን ከወይራ አወጣሁ፣ በላያቸው ላይ ጥድ አለበስኳት። ገመዶቿን ከስፌት ክር ገመድኩና አሮጌ እንዲመስሉ ሻይ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ገመዱ የሚሾልክባቸውን መዘውሮች ከሸሚዜ ቁልፍ ሠራሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ደረቴን በመርፌ ቁልፍ ይዤ ነው። መሪዋ ትዞራለች። የዓሣ ማስቀመጫዋ ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ልጅሽ ደግሞ የሚረካ እንዳይመስልሽ። አባዬ፣ የኋለኛው ምሰሶ ወደ ኋላ ትንሽ ዘመም ይላል። አባዬ፣ የማብሰያዋን ጭስ ማውጫ ረሳሃት። አባዬ፣ እሷ ገመድ በዚህ አይደለም የምታልፈው። አንተ ነህ አባት ወይስ እኔ እለዋለሁ። አንድ ቀን፣ እኔንስ የት አስቀመጥከኝ አለኝ። የት ነው የምትቀመጠው ብለው፣ ሥራ ሳይኖር ከፊተኛው ምሰሶ ሥር፣ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ አለኝ። እሺ፣ እሷ ስታልቅ እቀርጽሃለሁ አልኩት። ቆንጆ አድርገህ አለኝ። ቁንጅና ከየት ይመጣል፣ አባትህን አላየኸውም ወይ አልኩት። ከሱ ጋር እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም ነበር። አብሮኝ ቤት ሲኖር ያልተነጋገርነውን በዚያች እንጨት ተነጋገርን።

አሁን የለቅሶውን ነገር ላንሳ። ያኔ በስልክ ነግሬሽ በሳቅ ፈርሰሻል። ግን ለሳቅ እንዲመች አድርጌ ነው የነገርኩሽ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ወርክሾፑ አፈሰሰ። የመርከቢቱ ጣውላ ገና መለጠፉ ነው፣ ኮላው አልደረቀም። ወደ ቤት አስገባኋትና ገልብጬ ሁለት አግዳሚ ላይ አጋደምኳት፤ አቧራ እንዳይነካት ነጭ ነጠላ አለበስኳት። ራሴም ኮላው ዓይኔን አቅልቶት አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ኮኪ፣ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ፣ መዶሻ ልትዋስ መጥታ በራፌ ላይ ቆመች። እኔን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ ከሥሩ ያለውን ቅርጽና ርዝመት አየች። የሬሳ ሳጥን ሠሪ መሆኔን ማን አጣው! አፏን ይዛ ተመለሰች። እኔ ሞኙ መዶሻውን ለምን ተወችው እንኳ አላልኩም።

የኛ ሰው ደግሞ ስለ ሐዘን አይጠይቅም፣ ይደርሳል እንጂ። ኮኪ የማን ልጅ ነው ብላ አልጠየቀችኝም፣ የነገረቻቸውም አልጠየቋትም። ሻይዬን ሳልጨርስ የእድሩ ድንኳን ደጄ ላይ ቆመ። ወንበር መጣ፣ ንፍሮ መጣ፣ ጋሽ ዲንቁ፣ የእድሩ ዳኛ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ደርቦ መጣ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ቤት የሕፃን ሳጥን ሲገኝ ሰው ምን እንደሚል ገምቺ፤ ከማን ወልዶ ደብቆ ነው እየተባባሉ በየወንበሩ ይንሾካሾኩ ነበር። የጎረቤት ኬንያዊ ዘበኛ ሳይቀር ገብቶ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፖሌ ፉንዲ አለኝ። ፉንዲ የሚሉት ባለሙያን ነው፣ እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ፖሌ ደግሞ እግዜር ያጽናህ እንደማለት ነው። ኧረ ምንድን ነው ነገሩ፣ ማን ሞተ እያልኩ ስጮህ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው ይባስ ተላቀሱ። በመጨረሻ ነጠላውን ገፈፍኩት። ጋሽ ዲንቁ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጀልባ ነው? አለኝ። የዚያን ቀን ሳቅ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ በኩል ሳይሰማ አልቀረም። ንፍሮው በሳቅ ተበላ።

ያልሳቀች ኮኪ ብቻ ነበረች። ነጠላውን ከእጄ ተቀብላ እያጠፈች፣ ሰው በሕይወት ያለ ልጁ የሚሳፈርባትን ነገር እንዲህ ያለብሳል? ሟርት ነው፣ ኧረ ቸር ወሬ ያሰማን አለች። ሟርተኛስ አንቺ፣ ድንኳን ያስተከልሽብኝ አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ወንዱም ሲሰማ፣ አባዬ፣ በቁሜ አስለቀስክብኝ፣ በል ንፍሮዬን አስቀምጥልኝ አለ። እሱንም ነግሬሽ ስቀሻል።

የደበቅኩሽ ይሄ ነው። ነጠላው ያንቺ ነው፤ ወደ ዲላ ስትመለሺ ሳጥን ውስጥ የረሳሽው፣ እልክልሻለሁ እያልኩ ያስቀረሁት። አግዳሚዎቹ የሬሳ ሳጥን የምገጣጥምባቸው ናቸው። ያለበስኳት ጥድ ደግሞ ኦቦ በምትባል መንደር ለሞተ አንድ ሕፃን ከሠራሁት ሳጥን የተረፈ ነው። ጥሩ ጥድ ነበር፣ መጣሉ አሳዘነኝ። ያኔ ምንም አልታየኝም። አሁን ግን እጄን ሳየው ያሳፍረኛል። የሰው ልጅ ለገዛ ልጁ ከዚያ ጥድ ይቆርጣል? አንቺ ብትኖሪ አይተሽ ትጮኺ ነበር፣ እኔም እሰማሽ ነበር። ቄሱ ሟርት የሚባል ነገር የለም ይላሉ። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠይቄያቸው ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ፍራንሲስ መጣ። በፎቶ አይተሽዋል፤ ወንዱ ትከሻውን አቅፎት የተነሳው ረጅሙ ልጅ፣ መርከቧ ላይ ባልደረባው። ከአውቶቡስ ወርዶ ፉንዲውን እያለ እየጠየቀ ወርክሾፑ ድረስ መጣ። ብቻውን ነበር። የያዘው ቦርሳ ግን የሱ አልነበረም። አንቺ ገዝተሽ የላክሽለት፣ ዚፑ የተበላሸው ሰማያዊ ቦርሳ ነበር።

ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። ሻይ አስመጣሁለት፣ አልነካውም። መርከቢቱን ሲያያት ዞራት። መሪዋን አየ፣ የዓሣ ማስቀመጫዋን ክዳን ከፍቶ ዘጋ። የፊተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ በአንድ ጣቱ ነካው፣ እጁንም ቶሎ መለሰ። ኩሲ የሚሉት የባሕር ነፋስ በዚህ ወቅት ይከፋል አለኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ ፖሌ ባባ አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? የኋለኛው ምሰሶ በደንብ ዘመም ብሏል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ብሏል ባባ አለኝ፣ እያለቀሰ።

ሌላውን አልጽፈውም። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም፣ እኔም አልነገርኩሽም። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ግን እነግርሻለሁ፣ እሱ የራሴ ጉድ ነው።

ሥራዬን ቀጠልኩ። አዎ፣ ፍራንሲስን በማግስቱ አሳፍሬ ተመልሼ ሸራዋን ሰፋሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእድሩ ልንገር ብል፣ አንዴ በከንቱ አስለቅሻቸዋለሁ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር፣ ፉንዲ፣ የመርከቡ አርባ መቼ ነው እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሳቁ ቀጥዬ ምን ልበል? ድንኳኑን መልሱልኝ፣ አሁንስ የምሬን ነው ልበል? አፈርኩ። ሰው በዚህ ያፍራል? እኔ አፈርኩ። ደግሞ ለአንድ ሰው ብነግር በሾፌር አፍ ዲላ ይደርሳል፣ አንቺም ገበያ መሃል ቆመሽ ትሰሚያለሽ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሰበብ ነው። እውነቱን ንገር ካልሽኝ፣ መርከቢቱ እስክታልቅ ድረስ ከሱ ጋር እያወራሁ ነበር። አባዬ፣ ይቺ ገመድ ላላች። አባዬ፣ እዚህ ጋ ሸካራ ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት አስነካው። እሺ ልጄ እለዋለሁ። ያንን ትቼ የት ልሂድ?

ለዘመን መለወጫ ደወልሽ። እንኳን አደረሰህ አልሽኝ፤ ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር፣ ሳንጣላም ብዙ ቆየን። የወንዱ ስልክ አይነሳም፣ የት ሄደ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ባሕር ላይ ነው አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ፣ አልዋሸሁም እኮ አልኩ ለራሴ። ከሁሉ ይልቅ የማፍርበት እሱ ነው። እናት ልጇን ስትጠይቅ በቃላት ማምለጥ! የላክሽለትን ዳቦ ቆሎ ያታኒ አድርሶልኛል። አልቀመስኩትም፣ እንደታሰረ ተቀምጧል።

የመስቀል ማግስት መርከቢቱ አለቀች። የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ቀረጽኩት። ጀርባው ላይ ኮላ ልቀባ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ካጣበቅሁት በቃ፣ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ኮላውን ከደንኩና ተነስቼ ጋሽ ዲንቁ ቤት ሄድኩ።

ገና ሲያየኝ፣ ደግሞ ምን ሠራህ፣ አውሮፕላን? ድንኳኑን ላስወጣ? አለና ሳቀ። አስወጣ አልኩት። አሁንም ሳቀ። ጋሽ ዲንቁ፣ አስወጣው አልኩት። ያኔ ፊቴን አየ። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከመቼ ወዲህ አለኝ፣ ነገርኩት። እናቱስ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ዲንቁ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ጮኸብኝ። የእናትን እንባ የምትቆልፍ አንተ ማን ነህ አለኝ። ኮኪን አስጠራት። ሟርተኛ ብዬ ያዋረድኳት ሴት ናት። እንዳልኩሽ ነበር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መሬት ላይ አጠገቤ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች። ከዚያ ነጠላውን አምጣው አለችኝ። አጥባዋለች። ለባለቤቱ በእጄ አደርሳለሁ ብላለች።

ድንኳኑ ገና አልተተከለም። እናት ሳትሰማ አንድም ካስማ መሬት አይነካም ብሏል ጋሽ ዲንቁ። መርከቢቱ ቤቴ ውስጥ ናት፣ ምንም አላለበስኳትም። ፍራንሲስ እንደነገረኝ ባሕሩ ላይ ብዙ ፈልገዋል፣ አላገኙትም፤ ከቦርሳው ሌላ ከወዲያ የሚመጣልን ነገር የለም።

አሁን ጥጡን ፍቺው። አፍንጫው ያንቺ ነው፣ ሳላስበው ነው የወጣው። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነው ምሰሶውን ስለሚደገፍ ነው። ከዚያ ጥድ አይደለም፣ አትፍሪ፤ ከምንም ያልተረፈ፣ ለሱ ብዬ የቆረጥኩት ወይራ ነው። ኮላ አልነካውም። ወደ ሞያሌ ስትመጪ በእጅሽ ይዘሽው ነይ። ቦታውን አሳይሻለሁ፣ የምታስቀምጪው ግን አንቺ ነሽ።

ነገ ጠዋት በርሽ ይንኳኳል። ጋሽ ዲንቁና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ኮኪም አለች፤ በአውቶቡስ መጥተው ዛሬ ዲላ ነው የሚያድሩት። እኔም ከኋላቸው አለሁ። ፊትህን አላይም ካልሽኝ ደጅ እቆማለሁ፣ አልቀየምሽም።

ማርያም ትደግፍሽ። እኔን የተወችኝን ያህል ላንቺ ትቅረብ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ዛሬ ብቻሽን አትደሪ። ያቺን ዶሮዎቿን የማትሰበስብ ጎረቤትሽን ጥሪያት፣ ተኳርፋችሁም ከሆነ ታረቂና አብራሽ ትደር።

የልጅሽ አባት